የመዝገብ ጠባቂ ሕሊና

ያኮቡስ ሌንትዝ ጠመንጃ አልያዘም፤ በእጁም ሰው አልገደለም። የኔዘርላንድ የሕዝብ መዝገብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ሥራው ካርድ ማደራጀት፣ ቅጽ ማሻሻል፣ ስምን ከአድራሻ ማመሳከር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ለእያንዳንዱ ነዋሪ የሚታደል መታወቂያ ይዘጋጅ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መንግሥቱ ግን ዜጋን ሁሉ እንደ ተጠርጣሪ መቁጠር ይሆናል ብሎ ሳይቀበለው ቀረ። በሜይ 1940 ናዚ ጀርመን አገሪቱን ስትወር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያው ሐሳብ ፈላጊ አገኘ። በ1941 መታደል የጀመረው መታወቂያ ፎቶና የጣት አሻራ ያለበት፣ ወረቀቱና ቀለሙ ተመርጦ የተሠራ፣ ከጀርመኖቹ ከራሳቸው መታወቂያ ይልቅ አስመስሎ ለመሥራት የሚያስቸግር ሆነ። በዚያው ዓመት አይሁዶች ለብቻቸው ተለይተው እንዲመዘገቡ ሲታዘዝ የሌንትዝ መሥሪያ ቤት ሥራውን በትጋት ሠራ። ከፊል አይሁድ የተባሉትን ጨምሮ ወደ 160,000 ሰው ተመዘገበ።

ከአገሪቱ 140,000 ያህል አይሁዶች መካከል ከ100,000 በላይ የሚሆኑት አለቁ። ከአራት ሰው ሦስቱ ማለት ነው። በፈረንሳይ ያለቁት ከአራት አንድ ነበሩ። ለልዩነቱ የታሪክ ጸሐፍት ብዙ ምክንያት ይደረድራሉ፦ የመልክዓ ምድሩን አቀማመጥ፣ የአስተዳደሩን ዓይነት፣ መደበቂያ ማግኘትና ማጣትን። የመዝገቡ ምሉዕነት ግን ከዝርዝሩ ወጥቶ አያውቅም።

ሌንትዝን ያነሣሁት በክፋቱ አይደለም፤ በጉብዝናው ነው። መዝገቡ የተሟላ ነበር፤ ስሕተቱ ጥቂት ነበር፤ የተፈለገው ስም ሲፈለግ ወዲያው ይገኝ ነበር። ምሉዕነት፣ ትክክለኛነት፣ ፍጥነት፤ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው የመረጃ ሳይንስ፣ የቤተ መጻሕፍትና የዳታ ሳይንስ ተማሪዎችን የምንመዝንባቸው መለኪያዎች እነዚሁ ናቸው። በእነዚህ ብቻ ቢመዘን ሌንትዝ በማዕረግ ይመረቅ ነበር። ለዚህ ነው ስለ መረጃ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ትምህርት ሲነሣ ስለ መልካም ጠባይ ብቻ ማውራት የማያጠግበኝ። ትጉህ፣ ታማኝና አክባሪ የሆነ ሰው ትልቅ ጥፋት ሊሠራ እንደሚችል ታሪኩ አሳይቷል። ተማሪው ሊማረው የሚገባው ከባዱ ነገር ሙያው ራሱ እምቢ በል የሚለው መቼ እንደሆነ ማወቅ ነው።

እምቢ ያሉም ነበሩ። ማርች 27 ቀን 1943 ሌሊት የፖሊስ ልብስ የለበሱ የአምስተርዳም አርበኞች ወደ ከተማይቱ የሕዝብ መዝገብ ቤት ገቡ። ከመካከላቸው ሠዓሊው ቪለም አሮንዴዩስና ቀራጺው ኸሪት ቫን ደር ፌን ይገኙበታል። ጠባቂዎቹን በመድኃኒት አስተኝተው አወጧቸውና ሕንፃውን በፈንጂ አቃጠሉት። እሳት አጥፊዎቹም ሆን ብለው ዘገዩ፤ ከደረሱም በኋላ ካርዶቹ ላይ ውኃ አበዙ። የጠፋው ከመዝገቡ ጥቂት እጅ ነው። አሮንዴዩስና 11 ባልደረቦቹ በጁላይ ተረሸኑ። የጥበብ ሰዎችና ተማሪዎች የመዝገብን ኃይል ከመዝገብ ሹሙ ቀድመው መረዳታቸው ለሙያችን የሚያኮራ አይደለም።

በፈረንሳይ ደግሞ ከሙያው ውስጥ የተነሣ ሰው ነበር። ሬኔ ካርሚል የአገሪቱን ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በቀዳዳ ካርድ መሣሪያዎች ያደራጀ፣ ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበትን የመለያ ቁጥር የነደፈ መኮንን ነው። በወራሪው ዓይን ሥር ተቀምጦ እነዚያን መሣሪያዎች የፈረንሳይን ጦር በስውር መልሶ ለመጥራት የሚያስችል ዝግጅት ያደርግባቸው ነበር። በ1944 ሊዮን ላይ ተያዘ፤ በ1945 መጀመሪያ በዳኻው ማጎሪያ ሞተ። አይሁዶችን የሚለየውን ዓምድ ሆን ብሎ ስለማጓተቱ የሚነገረው እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፍትን ያከራክራል። ክርክሩ ራሱ ክፍል ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኛል። ባለሙያ ከውስጥ ሆኖ ሲቃወም ከሚተባበረው በምን ይለያል? በዚያው ጊዜ ማን ሊያውቅለት ይችላል? ካርሚል መሣሪያዎቹን ባያስገባ ኖሮ ደግሞ ምን ይሆን ነበር? ለእነዚህ ጥያቄዎች የፈተና መልስ የለም፤ ተማሪው ግን ሥራ ከመያዙ በፊት አንድ ጊዜ ሊጨነቅባቸው ይገባል።

ሙያውን በትምህርት ቤት ማስተማር የተጀመረው ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። ሜልቪል ዲዊ በ1887 ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ኮሌጅ የመጀመሪያውን የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ቤት ከፈተ። ከ20ዎቹ ተማሪዎች 17ቱ ሴቶች ነበሩ፤ ኮሌጁ ሴት መቀበሉን ስላልወደደው ዲዊ ብዙ ተጋፍቶበታል። ትምህርቱ ቴክኒክ የበዛበት ነበር፤ የካታሎግ ካርድ የሚጻፍበት ልዩ የእጅ ጽሕፈት ሳይቀር ይሰለጥኑ ነበር። ይኸው ሰው አይሁዶችንና ጥቁሮችን የማያስገባ የመዝናኛ ክለብ አቋቁሞ በዚያ ሰበብ ከኒውዮርክ ግዛት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነቱ ለመልቀቅ ተገደደ፤ በሴት ባልደረቦቹ ላይ ባሳየው ነውረኛ ጠባይም ራሱ ካቋቋመው ማኅበር ሥራ ተገለለ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የዲዊን ስም ከትልቁ ሽልማቱ ላይ ያነሣው በ2019 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ መዘግየቱ ያሳዝናል። የዲዊ ታሪክ መጽሐፍን በቁጥር የመደበው ሰው ሰውንም በመደብ እንደከፋፈለ ስለሚያሳይ በምደባ ኮርሱ ውስጥ ሊነገር ይገባዋል።

ማኅበሩ የመጀመሪያውን የሥነ ምግባር ደንብ ያጸደቀው በ1939 ነው። አብዛኛው ክፍሉ ስለ ታዛዥነትና ለመሥሪያ ቤት ታማኝ ስለመሆን ያወራል። ከመካከሉ አንዱ አንቀጽ ግን ባለሙያው ከአንባቢ ጋር በሚገናኝበት ጊዜ ያወቀውን የግል ነገር በምሥጢር እንዲይዝ ያዛል። ያ አንድ አንቀጽ የኋላ ኋላ የሙያው የክብር ምልክት ሆነ። ምን እንደሚነበብ ማንም ካወቀ ሰው በነፃነት ማንበብ ይተዋል የሚለው እምነት የተመሠረተው በእሱ ላይ ነው።

ነገር ግን የምሥጢርና የገለልተኝነት እምነት ብቻውን ምን ያህል ባዶ ሊሆን እንደሚችል ሮበርት ሃውፕትማን የተባለ ሰው በ1976 አሳየ። በ13 ቤተ መጻሕፍት እየተዘዋወረ የማጣቀሻ ክፍል ሠራተኞችን አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው፦ በከተማ ዳር ያለን ቤት የሚያፈነዳ ፈንጂ እንዴት ይሠራል? በሥነ ምግባር ምክንያት እምቢ ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ጠያቂውን በትሕትና ተቀብለው ወደ መደርደሪያው መሩት። ሃውፕትማን ከዚያ በኋላ በሙያው ውስጥ ክርክር አስነሣ፤ በ1992ም የመረጃ ሥነ ምግባር መጽሔት መሠረተ። እኔ በዚህ ክርክር ከሃውፕትማን ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ስለ ፈንጂ የሚጠይቅ ሁሉ አፈንጂ አይደለም፤ የፖሊስን ሥራ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መስጠትም ሌላ አደጋ አለው። ትልቁ ግኝቱ ግን 13ቱም ጉዳዩን እንኳ አንሥተው አለማሰላሰላቸው ነው። ጥያቄው የሕሊና ጥያቄ መሆኑን አላዩም። የማያይ ሰው ደግሞ ደንብ ቢሸመድድም አይጠቅመውም።

የማየት ችሎታ ምን እንደሚመስል ደግሞ በ1987 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አሳየ። ሁለት የኤፍቢአይ ሰዎች ወደ ሒሳብና ሳይንስ ቤተ መጻሕፍቱ ገብተው አንዲት ሠራተኛ የውጭ አገር ሰዎች ምን እንደሚያነቡ እንድትነግራቸው ጠየቁ። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ነው፤ የሶቪየት ሰላዮች የአሜሪካን ሳይንስ ከቤተ መጻሕፍት ያግበሰብሳሉ የሚል ሥጋት ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ፓውላ ካውፍማን ወጥተው አይሆንም አሉ፤ ነገሩንም ለሙያ ማኅበሩ አሳወቁ። ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ምክር ቤት ደረሰ። ልብ በሉ፦ በመጀመሪያ የተጠየቀችው ተራ ሠራተኛ ነበረች። ኃላፊዋ ከኋላዋ ባይቆሙ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? በሥነ ምግባር ክፍል ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። እምቢታ በአንድ ሰው ድፍረት ብቻ የሚቆም አይደለም፤ መሥሪያ ቤትና ማኅበር ይፈልጋል።

ከ18 ዓመት በኋላ ፈተናው በረታ። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የወጣው ሕግ መርማሪዎች ያለ ዳኛ ፈቃድ መረጃ የሚጠይቁበትን ደብዳቤ አስፍቶት ነበር። ደብዳቤው የደረሰው ሰው ስለ መድረሱም መናገር አይችልም። በ2005 የበጋ ወራት እንዲህ ያለ ደብዳቤ በኮኔቲከት ግዛት ከሁለት ደርዘን በላይ ቤተ መጻሕፍትን በኮምፒውተር ለሚያገናኝ አንድ ድርጅት ደረሰ። የአንድን ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ማንነት የሚጠይቅ ነበር። አራት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች፣ ጆርጅ ክርስቲያን፣ ባርባራ ቤይሊ፣ ፒተር ቼዝና ጃኔት ኖሴክ፣ መረጃውን ከመስጠት ይልቅ መንግሥትን ከሰሱ። ስማቸው እንዳይታወቅ ስለተከለከለ የራሳቸውን ክርክር ችሎት ገብተው መከታተል አልተፈቀደላቸውም፤ በሌላ ከተማ በተዘጋ ክፍል በቴሌቪዥን አዩት። በ2006 መንግሥት የዝምታውን ትእዛዝ አነሣ፤ ቀጥሎም የመረጃ ጥያቄውን ተወ። አራቱ ሰዎች ያደረጉት ነገር ከሰማይ የወረደላቸው አልነበረም። የ1939ኙን አንቀጽ ሲማሩ፣ ሲጠቅሱና ሲከራከሩበት የኖሩ የአንድ ሙያ ልጆች ነበሩ። ትምህርት ሠርቶ የታየበት አጋጣሚ ቢባል ይህን እጠቅሳለሁ።

ኮምፒውተሩን የሠሩት ግን በዚህ ወግ አላደጉም። ከእነሱ ወገን ቀድሞ የነቃው ኖርበርት ዊነር ነው። በጦርነቱ ጊዜ የአየር መከላከያ ሒሳብ የሠራው ይህ ሊቅ የአንድ አውሮፕላን ፋብሪካ ባለሙያ የጽሑፉን ቅጂ ቢጠይቀው ከለከለው፤ ክልከላውንም በ1947 መጀመሪያ ላይ አትላንቲክ በተባለው መጽሔት በአደባባይ አወጣው። በ1950 ባሳተመው መጽሐፍም አውቶማቲክ መሣሪያ ሰውን ከሥራና ከክብሩ እንዳያፈናቅል አስጠነቀቀ። በዘመኑ የሰማው ጥቂት ነው። ቀጥሎ ጆሴፍ ዋይዘንባም መጣ። በርሊን ተወልዶ በ1936 ከናዚዎች ከሸሸ የአይሁድ ቤተሰብ የወጣ ነው። በ1966 ኤላይዛ የተባለች ከሰው ጋር በጽሑፍ የምታወራ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ፕሮግራሟ የሚገባት ነገር አልነበረም፤ የተናጋሪውን ቃል እየገለበጠች መልሳ ትጠይቃለች እንጂ። ሰዎች ግን ገበናቸውን ይነግሯት ጀመር፤ የገዛ ጸሐፊው እንኳ ብቻዋን እንድታወራት ከክፍሉ እንዲወጣ ጠየቀችው። ዋይዘንባም ደነገጠ። በ1976 የጻፈው መጽሐፍ ኮምፒውተር ሊሠራው ቢችል እንኳ እንዲሠራው ሊሰጠው የማይገባ ሥራ አለ ብሎ ይሟገታል። ዛሬ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ሌሊቱን ሲያወራ የሚያድር ወጣት ባለበት ዘመን መጽሐፉ ከአብዛኞቹ አዳዲስ መጻሕፍት የበለጠ ይናገራል ብዬ አምናለሁ።

በክፍል ውስጥ ማስተማሩ የተጀመረውም በእነዚያው ዓመታት ነው። ፈላስፋው ዋልተር ሜነር የሕክምና ሥነ ምግባር ሲያስተምር ኮምፒውተር በገባባቸው ጉዳዮች ሁሉ ጥያቄው እየከበደ መምጣቱን አየና በ1970ዎቹ አጋማሽ የኮምፒውተር ሥነ ምግባር የሚል ኮርስ ጀመረ። በ1985 ደብራ ጆንሰን የመጀመሪያውን ትልቅ መማሪያ መጽሐፍ አወጡ። በዚያው ዓመት ጄምስ ሙር ኮምፒውተር ከዚህ በፊት ያልነበረ አድራጎት እንዲቻል ስለሚያደርግ ሕግና ደንብ ያልደረሰበት ባዶ ቦታ ይፈጥራል አለ፤ የዘርፉ ሥራ ያንን ባዶ ቦታ ማግኘትና መሙላት ነው። በ1986 ሪቻርድ ሜሰን ጉዳዩን በአራት ጥያቄ ሰበሰበው፦ የግል ምሥጢር፣ ትክክለኛነት፣ ባለቤትነትና ተደራሽነት። በ1990 ደግሞ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍትና መረጃ ሳይንስ ትምህርት ቤት ስቲቨን አልማኞ የተባሉ የፍራንሲስካን መነኩሴ የመረጃ ሥነ ምግባር ኮርስ ከፈቱ፤ በኋላም ቶኒ ካርቦ አብረው አስተማሩት፣ አስፋፉትም። በጀርመን ራፋኤል ካፑሮ በ1999 ዓለም አቀፍ የመረጃ ሥነ ምግባር ማእከል አቋቋሙ። በፌብሩዋሪ 2007 ስለ መረጃ ሥነ ምግባር በአፍሪካ የመከረ ጉባኤ በፕሪቶሪያ ተካሄደ፤ የጽዋኔ መግለጫም ወጣ። በወረቀት ረገድ ሥራው ያለቀ ይመስል ነበር።

አላለቀም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የማሳቹሴትስ ግዛት የሠራተኞቹን የሕክምና መረጃ ስማቸውን አጥፍቶ ለተመራማሪዎች ሰጠ። የግዛቱ ገዥ ዊልያም ዌልድ ምሥጢር ይጠበቃል ብለው ነበር። በኤምአይቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበሩት ላታኒያ ስዊኒ የካምብሪጅ ከተማን የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዙ። የልደት ቀንን፣ ጾታንና የፖስታ ቁጥርን አመሳክረው የገዥውን የራሳቸውን የሕክምና ታሪክ አገኙት፤ ወደ ቢሯቸውም ላኩላቸው። ስም ማጥፋት ሰውን መደበቅ አለመሆኑን በዚህ ደረጃ ያስተማረ የመማሪያ መጽሐፍ አላውቅም። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ግን ትምህርቱ ተረሳ። በኦገስት 2006 ኤኦኤል የተባለው ኩባንያ 650,000 ያህል ደንበኞቹ በሦስት ወር የፈለጓቸውን 20 ሚሊዮን ፍለጋዎች ለምርምር ይጠቅማል ብሎ ለቀቀ፤ በስም ፈንታ ቁጥር ሰጣቸው። ጋዜጠኞች የአንዷን ባለ ቁጥር ፍለጋዎች ተከትለው በቀናት ውስጥ የአንዲትን አዛውንት በር አንኳኩ። ዳታውን የለቀቁት ተመራማሪዎች ክፋት አላሰቡም፤ ለሳይንስ ያበረከቱ መስሏቸው ነበር። ያ ነው ልብ የሚነካው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል። አንድ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር በፌስቡክ ላይ የከፈተው መጠይቅ 270,000 ያህል ሰው ሞላው፤ በወዳጆቻቸው በኩል ግን እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው መረጃ ካምብሪጅ አናሊቲካ በተባለ የፖለቲካ አማካሪ ኩባንያ እጅ ገባ። ነገሩ በ2018 ሲፈነዳ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የሥነ ምግባር ኮርስ ለመክፈት ተጣደፉ። ኬሲ ፊስለርና ባልደረቦቻቸው በ2020 የ115 ኮርሶችን ዕቅድ ሰብስበው ሲያጠኑ ይዘቱ ከመምህር መምህር እጅግ የሚለያይ፣ አንድ ወጥ ስምምነት የሌለው ሆኖ አገኙት። ከዚህ የባሰ የሚያሳስበኝ በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ነው። በሰሜን ካሮላይና ያሉ ተመራማሪዎች 63 የሶፍትዌር ምሕንድስና ተማሪዎችንና 105 ባለሙያዎችን ለሁለት ከፍለው ለአንደኛው ወገን የሙያ ማኅበሩን የሥነ ምግባር ደንብ አስነበቡ፤ ለሌላው አላስነበቡም። ከዚያ ሁለቱንም ወገን በሥራ ላይ በሚያጋጥሙ 11 ሁኔታዎች ምን እንደሚያደርጉ ጠየቁ። በውሳኔያቸው ላይ ልዩነት አልተገኘም። ደንብ ማንበብ ብቻውን ሰውን አይለውጥም።

ታዲያ ምን ይለውጣል? የሃርቫርድ ኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን ከ2017 ጀምሮ አንድ መንገድ ይሞክራሉ፦ ሥነ ምግባርን ለብቻው ኮርስ ከማድረግ ይልቅ ፈላስፋውን ወደ ዳታቤዙ፣ ወደ አልጎሪዝሙ፣ ወደ ኔትወርኩ ክፍል ማስገባት። መንገዱ ትክክል ይመስለኛል። ምክንያቱም የሥነ ምግባር ውሳኔ በመረጃ ሥራ ውስጥ የሚደበቀው ቴክኒካዊ በሚመስሉ ነገሮች ውስጥ ነው። ሳንፎርድ በርማን የተባሉ አሜሪካዊ የካታሎግ ባለሙያ በ1960ዎቹ መጨረሻ በዛምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለአፍሪካውያን የሚጠቀምበት አንድ የርዕሰ ጉዳይ መለያ ለአገሬው ሰው ስድብ መሆኑን ከባልደረቦቻቸው ሰሙ። ካርዱን ሲያዩት ግን ዓለም ሁሉ የተቀበለው መደበኛ ቃል ነበር። በርማን በ1971 እንዲህ ያሉ መለያዎችን ለቅመው መጽሐፍ አወጡ፤ ዕድሜያቸውንም ቃላቱን በማስቀየር ትግል አሳለፉ። ካታሎግ የሚያስተምር መምህር ይህን ታሪክ በሁለተኛው ሳምንት ቢያነሣ የሥነ ምግባር ሰዓት ሳይጨምር ሥነ ምግባር አስተማረ ማለት ነው።

የበርማን ካርድ ዛሬ ዳታሴት ሆኗል። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት፣ በስደት አሜሪካ ገብተው በስታንፎርድ ዶክትሬታቸውን የሠሩት ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ባወጡት ጥናት የሰውን ጾታ ከፊቱ የሚለዩ ሦስት የታወቁ ኩባንያዎችን ሶፍትዌሮች በ1,270 ፎቶዎች ፈተኑ። ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከ0.8 በመቶ አላለፈም፤ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ዶክተር ትምኒት ከባልደረቦቻቸው ጋር ያቀረቡት መፍትሔ ለቤተ መጻሕፍት ሰው አዲስ አይደለም፦ እያንዳንዱ የዳታ ስብስብ ማን ሰበሰበው፣ ለምን፣ ከማን፣ ፈቃድ ተጠይቆ ነው ወይ የሚሉ ጥያቄዎችን የሚመልስ ሰነድ ይኑረው የሚል ነው። በ2020 ከዩን ሶ ጆ ጋር የጻፉት ጽሑፍ ደግሞ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎች ከቤተ መዛግብት ባለሙያዎች ተማሩ ይላል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ላይ በጻፉት ጽሑፍ ምክንያት ይሠሩበት ከነበረው ከጉግል ተለያዩ፤ እሳቸው ተባረርኩ ይላሉ፣ ኩባንያው መልቀቂያቸውን ተቀበልኩ ይላል። በ2021 የራሳቸውን የምርምር ተቋም መሠረቱ። እምቢታ ዋጋ እንደሚያስከፍል ተማሪ ማወቅ አለበት፤ ዋጋውን የከፈለችው የአዲስ አበባ ልጅ መሆኗን ደግሞ የአዲስ አበባ ተማሪ በተለይ ማወቅ አለበት።

ወደ አገራችን ስንመጣ ባዶ እጃችንን አይደለንም። የጥንት ገዳሞቻችን የመሬት ስጦታንና ውልን በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጽፉ ነበር፤ ዛሬ በኤርትራ የሚገኘው የሽመዛናው ደብረ ሊባኖስ ወንጌል ለዚህ የታወቀ ምስክር ነው። በወንጌል ላይ የተጻፈን መፋቅ ወይም ሐሰት መጨመር በሰው ብቻ ሳይሆን በእግዚአብሔርም ፊት ያስጠይቃል። የሰረቀውን፣ የፋቀውንና የለወጠውን የሚያወግዝ ግዝትም በመጽሐፉ ይጻፋል። የመረጃን ታማኝነት በሃይማኖት ያጠረ፣ ጠባቂውን በነፍሱ ያስያዘ ሥርዓት ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ይህን ወግ እንደ ሥነ ምግባር ታሪክ ሳይቆጥረው ማለፉ ያሳዝነኛል። ያም ሆኖ ወጉ መዝገቡን እንጂ በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ሰው ለመጠበቅ የተሠራ አይደለም፤ ያንን ገና መጨመር አለብን።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመረጃ ሳይንስ ትምህርት ለአፍሪካ አገሮች እንዲሆን ታስቦ የተከፈተው በ1990 ነው፤ የፒትስበርግ ኮርስ በተጀመረበት በዚያው ዓመት። ከዚያ የወጡ ባለሙያዎች ዛሬ በባንክ፣ በሆስፒታል፣ በቴሌኮም፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ አሉ። የሚሠሩበት አገር ደግሞ መረጃ ሰው የሚያድንበትም የሚገድልበትም አገር ነው። ለብዙ ዓመት የቀበሌ መታወቂያችን ብሔር የሚል መስመር ነበረው። በሩዋንዳ ከቤልጅግ ዘመን ጀምሮ በመታወቂያ ላይ የቆየ እንዲህ ያለ መስመር በ1994 በየኬላው ምን እንደሠራ እናውቃለን። በራሳችን ጦርነት ጊዜም የአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ፎቶና መኖሪያ በፌስቡክ ተለጥፎ በ2021 ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ፤ ልጃቸው በናይሮቢ ፍርድ ቤት ኩባንያውን ከሷል።

አሁን ፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ተቋቁሞ የሚሊዮኖች የጣት አሻራና የዓይን ምስል እየተሰበሰበ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ የዘርና የብሔር ማንነትን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይቆጥራል። አዋጁ ጥሩ ነው። አዋጁን በየቀኑ የሚፈጽመው ግን ሠንጠረዥ ላይ ዓምድ የሚጨምረው፣ የይለፍ ፈቃድ የሚሰጠው፣ ለማን ምን ይታይ የሚለውን የሚወስነው የ24 ዓመት ምሩቅ ነው። አለቃው ሐሙስ ማታ ደውሎ ይህን ዝርዝር በፍላሽ አድርገህ አምጣ ሲለው ምን ይላል? ጽሑፍ አምጡልኝ ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ያውቃል? ማን ምን እንዳየ የሚመዘግብ ሎግ እንዲኖር ሲስተሙን ሲሠራ አስቦበታል? የአንዲት የኤችአይቪ ታካሚ ካርድ በሰፈሯ ልጅ እንዳይከፈት የፈቃድ ደረጃውን ማን ነው ያወጣው?

እነዚህ የዳታቤዝ ጥያቄዎች ናቸው። ስለዚህ የምጠይቀው ለሥነ ምግባር አዲስ ኮርስ ክፈቱ ብዬ አይደለም። የዳታቤዝ መምህር ሆይ፣ ተማሪዎችህ የሆስፒታል ወይም የቀበሌ ሠንጠረዥ ሲነድፉ የትኛውን ዓምድ ለምን እንደተዉ በጽሑፍ እንዲያቀርቡ አድርግ፤ ለተዉት ዓምድም ነጥብ ስጥ። የማሽን ለርኒንግ መምህር፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ዳታ የሚሠራ ተማሪሽ ጽሑፉን ከማን እንደሰበሰበና ባለቤቶቹ ፈቅደው እንደሆነ የሚገልጽ ገጽ ከውጤቱ ጋር እንዲያያይዝ ጠይቂው። ትምህርት ክፍሎች ተማሪን ለተግባር ልምምድ ወደ ባንክና ሆስፒታል ከመላካቸው በፊት የማይገባ መረጃ አምጣ ቢባል የሚደውልበት የመምህር ስልክ ይስጡት። የሙያ ማኅበራት ደግሞ እምቢ በማለቱ ከሥራ የተሰናበተ አባላቸውን የሚያስጠልል የሕግ ድጋፍ ያዘጋጁ። ይህ የመጨረሻው ከሌለ የቀሩትን ሁሉ ማስተማር ወጣቱን ብቻውን ወደ አደጋ መላክ ይሆናል።